የሊኑክስና የዩኒክስ ሰርቨሮችን ከሰርጎ ገቦች ስለመጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ተቋም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርና በግል ድርጅት ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

ሊኑክስ በቫይረስ አይጠቃም ሲባል እንሰማለን። ታዲያ ምን ያሳስበናል?

ሊኑክስ የዩኒክስን አሠራር የተከተለ ነው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ፤ ሊኑክስን ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ለሕዝብ ለቀቀው። ሁለቱም ብዙ ሰው በአንድ ማሽን ላይ እንዲሠራ ታስበው የተነደፉ በመሆናቸው ተራ ተጠቃሚ የሥርዓቱን ፋይሎች መለወጥ አይችልም። በፍላሽ ዲስክ የሚዛመተው የዊንዶውስ ቫይረስ እዚህ አቅም የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። አባባሉ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ሰርጎ ገብ ግን የግድ ቫይረስ አያስፈልገውም። የተገመተ የይለፍ ቃል፣ ያልታደሰ ሶፍትዌር፣ ማንም ሳያስተውለው ክፍት የቀረ አገልግሎት ይበቃዋል። በኖቬምበር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ ተማሪ የለቀቀው ትል የተዛመተው በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ነበር። ትሉ በኢሜይል ማስተላለፊያው ፕሮግራም ክፍተት ገባ፣ በሌላ ትንሽ አገልግሎት ስሕተት ገባ፣ ደካማ የይለፍ ቃሎችንም እየገመተ ገባ። በጊዜው ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኙት ኮምፒውተሮች ከ10 አንዱን ያህል እንደነካ ተገምቷል። ዛሬም ሰርቨሮች የሚሰበሩት በአብዛኛው በእነዚያው መንገዶች ነው።

በወረዳ ከተማ ያለን ትንሽ መሥሪያ ቤት ነን። እኛን ማን ብሎ ይፈልገናል?

ስማችሁን አውቆ የሚመጣ የለም። የሚመጣው የኢንተርኔት አድራሻዎችን ከዳር እስከ ዳር ሌት ተቀን የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነው። የተለመደው የአይፒ ቪ4 አድራሻ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ስለሚጠጋ፣ ፈጣን መስመር ያለው አንድ ማሽን በየአድራሻው አንድ ፖርት (አገልግሎት የሚያዳምጥበት ባለቁጥር በር) እያንኳኳ ሁሉንም በሰዓታት ውስጥ ሊያዳርስ ይችላል። የጣርማ በር ጭጋግ መንገዱን ይጋርዳል፤ የሰርቨርን አድራሻ የሚጋርድ ጭጋግ ግን የለም። የውጭ አድራሻ የተሰጠው ማንኛውም ሰርቨር በተከፈተ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ መንኳኳት ይጀምራል፤ የመግቢያ መዝገቡን ከፍቶ ማየት ይቻላል።

የሚፈልጉት ማሽኑን ራሱን ነው። በእናንተ መብራት ክሪፕቶ ገንዘብ ያመርቱበታል፣ አጭበርባሪ ኢሜይል ይልኩበታል፣ ሌላ ሰው ያጠቁበታል፣ ወይም መረጃውን ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቁበታል። የጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ ለእነሱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእናንተ ግን ሁሉም ነገር ነው፣ የሚከፈልበትም ስለዚህ ነው። ሰርቨሩ ከቢሮ ራውተር ጀርባ ከሆነና ፖርት ወደ ውስጥ ካልተመራ ከውጭ በቀጥታ አይታይም። ያ ቢሆንም የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሁሉ ከውስጥ እንደሚያየው አይርሱ።

አዲስ ሰርቨር ስንተክል ከሁሉ በፊት ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ያድሱ። ቀጥሎ ለራስዎ የግል የተጠቃሚ ስም ይክፈቱና ሱዶ (የሩትን ማለትም የሥርዓቱን ሙሉ ባለሥልጣን መብት ለአንድ ሥራ የሚያውስ ትእዛዝ) የመጠቀም መብት ይስጡት። ከዚያ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) ቁልፍ ይትከሉ፣ በይለፍ ቃል መግባትን ይዝጉ፣ ግንኙነቶችን የሚያጣራውን ፋየርዎል ያብሩ። በመጨረሻ ምን ምን አገልግሎት እንደሚያዳምጥ ይዘርዝሩ፤ ኤስኤስ የተባለው ትእዛዝ ይህን ያሳያል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ካለ ያጥፉት፤ የማያስፈልግ ከሆነም ከነጭራሹ ያስወግዱት። የማይሠራ አገልግሎት ሊሰበር አይችልም።

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሰርቨሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይደረጋል የተባለ ጥበቃ ግን ብዙ ጊዜ ሳይደረግ ይቀራል፤ ሠራተኛው እየተጠቀመ ነው፣ መቋረጥ የለበትም እየተባለ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ማሽኑ ለሥራ ከመከፈቱ በፊት ይጨረስ።

ጠንካራ የይለፍ ቃል ካለን የኤስኤስኤች ቁልፍ ለምን ያስፈልገናል?

ቀድሞ ሰዎች ወደ ሩቅ ማሽን የሚገቡት በቴልኔት ነበር፤ የይለፍ ቃሉም በመስመሩ ላይ ሳይመሰጠር ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች በዚህ መንገድ ስለተጠለፉ ታቱ ኡሌነን ኤስኤስኤችን ሠራ። ኤስኤስኤች የሚተላለፈውን ሁሉ ስለሚመሰጥር በመንገድ ላይ መስረቅን አስቀርቷል። በር ላይ ቆሞ መገመትን ግን አያስቀርም።

ገማቾቹ ፕሮግራሞች ደግሞ በዘፈቀደ አይሞክሩም። ከዚህ ቀደም ከተሰረቁ የይለፍ ቃሎች የተሰበሰበ ረጅም ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት። የመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረት፣ የከተማው ስምና 123፣ የኃላፊው ስልክ ቁጥር፦ እነዚህ በየቢሮው የሚደጋገሙ ልማዶች ስለሆኑ አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ከክፍት በር አይለዩም። ቁልፍ ግን የጥንድ ፋይል ነው፤ አንደኛው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ምስጢራዊው ከእርስዎ ኮምፒውተር አይወጣም፣ ርዝመቱም በግምት የሚደረስበት አይደለም። ኢዲ25519 የተባለውን ዓይነት ይምረጡ፤ ኮምፒውተርዎ ቢሰረቅ ቁልፉ ብቻውን እንዳይሠራ ምስጢራዊውን ፋይል በራሱ የይለፍ ሐረግ ይቆልፉት። በቴሌግራም አይላኩት፣ ለባልደረባም አያውሱት፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁልፍ ይኑረው።

በይለፍ ቃል መግባትን ከመዝጋትዎ በፊት የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሁለተኛ መስኮት በቁልፍ ገብተው ይሞክሩ። የይለፍ ቃል የግድ በሚሆንበት ቦታ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ያጣምሩ። የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ አይጠቀሙ፤ ሌላውም ሰው በቃሉ ይዞታል።

የኤስኤስኤችን ፖርት ከ22 ወደ ሌላ መቀየር ይጠቅማል?

ጫጫታውን ይቀንሳል፤ መዝገቡ በከንቱ ሙከራ እንዳይሞላ ይረዳል። ጥበቃ ነው ብለው ግን አይቁጠሩት፤ ሁሉንም ፖርት የሚቃኝ ሰው ያገኘዋል። ቁልፍ ብቻ የሚቀበል ሰርቨር 22 ላይ ቢቆይም ምንም አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ ፌይል ቱ ባን የተባለው ፕሮግራም ይጠቅማል፤ መዝገቡን እያነበበ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ ለጊዜው ያግዳል። አንድ ጥንቃቄ አለው። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚወጣ፣ አንዱ ሲታገድ ምንም ያላጠፋ ባልደረባም አብሮ ሊታገድ ይችላል። የእገዳውን ጊዜ በአንድ ሰዓት አካባቢ ቢወስኑት ይበቃል።

ሦስት ባለሙያዎች ነን፤ ሁላችንም በሩት እንገባለን። ችግር አለው?

አለው፤ ካየኋቸው ልማዶች ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ሩት ሥልጣኑ ገደብ የለውም። ሦስት ሰው በአንድ ሩት ሲገባ መዝገቡ «ሩት ይህን ሠራ» ከማለት በቀር ማን እንደሠራው አይናገርም። አንድ ፋይል ሲጠፋ ሦስቱም ይጠረጠራሉ፤ ንጹሑም ራሱን ነጻ የሚያወጣበት ማስረጃ አያገኝም። ሠራተኛ ሲዛወር ደግሞ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ለሁሉም ሰው ተለውጦ ይነገር ቢባልም ማን ማን እንደሚያውቀው የተጻፈ ነገር የለም።

እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይግባ፣ ከፍ ያለ ሥልጣን የሚጠይቀውን ሥራ በሱዶ ይሥራ፣ ሩት በኤስኤስኤች በቀጥታ እንዳይገባ ይከልከል። ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲዛወር መታወቂያውንና ቢሮውን እንደሚያስረክበው ሁሉ የተጠቃሚ ስሙ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ቁልፉም ከየሰርቨሩ ይነሣ። ይህን በክሊራንስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አድርጎ ማስገባት ማንንም አያስቀይምም፤ የሚሄደውን ሰው ራሱን ከኋላ ከሚመጣ ጥርጣሬ ያድነዋል።

የሚሠራን ነገር ለምን እናድሳለን? ኢንተርኔቱም ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ለረጅም ጊዜ ይቋረጣል።

የሚሠራ መሆኑ ክፍተት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተገኘው ሼልሾክ የተባለው የባሽ (የትእዛዝ መቀበያው ፕሮግራም) ክፍተት ከ1989 ጀምሮ እዚያው ነበር። በጃንዋሪ 2021 በሱዶ ውስጥ የተገኘው ክፍተት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ማንኛውንም ተራ ተጠቃሚ ያለ ይለፍ ቃል ወደ ሩትነት ያሸጋግር ነበር። ክፍተቱ እስኪገለጥ ድረስ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ከተገለጠ በኋላ ግን መጠቀሚያው ፕሮግራም በሰፊው ይሰራጫል። አደጋው የሚከፋው ማደሻው ከወጣበት ቀን ጀምሮ እናንተ እስከምታድሱበት ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ኡቡንቱና ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ሥርጭቶች የደኅንነት ማደሻዎችን በራሳቸው እንዲጭኑ ማድረግ ይቻላል፤ ያብሩት። ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ሲታደስ ማሽኑ ካልተነሣ አሮጌው ከርነል መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ በወር አንድ ጊዜ ሰው በማይሠራበት ሰዓት አጥፍቶ ማስነሣት ልማድ ይሁን። ብዙ ማሽን ባለበት ቢሮ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን በአንድ ማሽን ላይ ይትከሉ፤ አንድ ጊዜ የወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ፣ መስመሩም አይጨናነቅም። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ ለውጭ ክፍት የሆነው ሰርቨር መጀመሪያ ይታደስ፤ ሠራተኛው ወደ ድረ ገጹ ከመመለሱ በፊት ማለቴ ነው።

ሥርዓቱ ራሱ ዘመኑ እንዳላለፈም ይመልከቱ። ሴንትኦኤስ 7 ከጁን 30 ቀን 2024 ወዲህ ማደሻ አይወጣለትም፤ ዛሬም ግን በየቢሮው ይሠራል። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትሞች መደበኛ ድጋፍ 5 ዓመት ነው። የሚታደስ ነገር የለም የሚል መልእክት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ድጋፉ ስላበቃም ሊሆን ይችላል።

ድረ ገጹ አልሠራ ሲል ፎልደሩን 777 አደረግነውና ሠራ። እንዲህ ይቆይ?

አይቆይ። 777 ማለት በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ፕሮግራም ፋይሉን ማንበብ፣ መለወጥና ማስኬድ ይችላል ማለት ነው። በዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ) ተሰኪ ክፍተት የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የሚጽፍበት ፎልደር መፈለግ ነው፤ እርስዎ አዘጋጅተው ጠበቁት ማለት ነው። ድረ ገጹ ያልሠራው ብዙውን ጊዜ የፋይሉ ባለቤት የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ባለቤትነቱን ያስተካክሉና ፎልደሮቹን 755፣ ፋይሎቹን 644፣ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል 640 ወይም 600 ያድርጉ። ድረ ገጹ መጻፍ ያለበት ፎቶ በሚጫንበት ፎልደር ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ፕሮግራም እንዳይሠራ በድር ሰርቨሩ ማስተካከያ ይከልክሉ።

ኤስኢሊኑክስ ሥራ ሲያስቸግር ማጥፋት ይቻላል?

መቻል ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ኤስኢሊኑክስና አፕአርመር አንድ ፕሮግራም ቢሰበር እንኳን ከተፈቀደለት ክልል እንዳይወጣ የሚያግዱ ተጨማሪ አጥሮች ናቸው። ሲያስቸግር ለጊዜው የሚመዘግብ ግን የማያግድ እንዲሆን ያድርጉት፣ መዝገቡ የቱን እንደከለከለ ያንብቡ፣ ያንን ብቻ ይፍቀዱና መልሰው ያብሩት።

ሰርቨራችን ቢሮ ውስጥ በጠረጴዛ ሥር ነው። ይህ ምን ያህል ያሰጋል?

ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ማጥፋትና ማስነሣት የሚችል ሰው የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። በፍላሽ ዲስክ ሌላ ሊኑክስ አስነሥቶ ዲስኩን ያነባል፣ የሩትን የይለፍ ቃልም ይለውጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥበቃ የሚቆለፍ ክፍልና ቁልፉን የሚይዝ የታወቀ ሰው ነው፤ ከዚያ በፍላሽ ማስነሣትን መዝጋትና የባዮስ ይለፍ ቃል ማኖር ይከተላል።

ዲስኩን ሉክስ በተባለው የሊኑክስ መመስጠሪያ መመስጠር ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰርቨሩ ተነቅሎ ቢወሰድ እንኳን ሌባው ምንም አያነብም። በእኛ አካባቢ ግን ዋጋ አለው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰው ሐረጉን እስኪያስገባ ድረስ ማሽኑ አይነሣም። ሌሊት መብራት ከጠፋ ጠዋት ሠራተኛ እስኪገባ አገልግሎት የለም ማለት ነው። የሕሙማንን ወይም የአባላትን የግል መረጃ የያዘ ሰርቨር ይህን ዋጋ ይክፈል እላለሁ፤ የግል መረጃን መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የተደነገገ ግዴታ ነው። ሥርዓቱን ሳይመሰጥሩ የመረጃውን ክፍል ብቻ መመስጠርም መካከለኛ መንገድ ነው፤ ማሽኑ ይነሣል፣ ባለሙያው በኤስኤስኤች ገብቶ የመረጃውን ክፍል ይከፍታል።

የጥበቃ ካሜራዎቹና ራውተሩ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?

አብዛኞቹ በውስጣቸው ሊኑክስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ፋብሪካው የሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ይዞ ታላላቅ ድረ ገጾችን አዳክሞ ነበር። የያዘው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ዝርዝር 60 ገደማ ጥንድ ብቻ ነበር። ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ከመሄዱ በፊት የይለፍ ቃሉን አብራችሁ ለውጡ፣ ካሜራዎቹንም ከሰርቨሩ የተለየ ኔትወርክ ላይ አድርጓቸው።

መጠባበቂያ ቅጂ ያው ሰርቨሩ ላይ በሌላ ፎልደር አለን። ይበቃል?

አይበቃም። ሰርቨሩን የያዘ ሰው ቅጂውንም ይዟል፤ መረጃ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት መጀመሪያ የሚፈልጉትም ቅጂውን ነው። አንድ ቅጂ በሌላ ማሽን ላይ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ይኑር፤ የሚነቀለውም ዲስክ ከሕንፃው ውጭ ይደር። ቅጂውን የሚወስደው ማሽን ከሰርቨሩ እንዲጎትት ያድርጉ፣ ሰርቨሩ እንዲልክ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩ ላይ የተያዘ ቁልፍ ቅጂውን ለማጥፋት አያገለግልም። ተሞክሮ ያልተመለሰ ቅጂ ደግሞ ቅጂ ተብሎ አይቆጠርም፤ በየሩብ ዓመቱ በትርፍ ማሽን ላይ መልሰው ይሞክሩት።

በፋየርዎል ሁሉንም ዘግተናል፤ ዳታቤዙ ግን ከውጭ ይታያል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ዳታቤዙ በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ሕግ በከርነሉ የማጣሪያ ሰንጠረዥ ውስጥ በቀጥታ ስለሚጽፍ፣ በኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብልዩ የተባለው ፋየርዎል ዘግቻለሁ ቢልም ትራፊኩ በጎን ያልፋል። ፖርቱን ሲከፍቱ 127.0.0.1 ከሚለው የውስጥ አድራሻ ጋር ብቻ ያስሩት፤ ከዚያ በዚያው ማሽን ያለ ፕሮግራም እንጂ የውጭ ሰው አይደርስበትም። የአይፒ ቪ6 (የአዲሱ ዓይነት አድራሻ) ሕግም እንዳለ ይመልከቱ፤ በቪ4 የተዘጋው በቪ6 ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ዳታቤዝና ሬዲስ (በሜሞሪ ውስጥ የሚሠራ የመረጃ ማከማቻ) በምንም ምክንያት ለኢንተርኔት ክፍት አይሁኑ። ከመሐል ሜዳ ሆነው አዲስ አበባ ያለውን ዳታቤዝ መክፈት ካስፈለገዎት በኤስኤስኤች ዋሻ (በተመሰጠረ መተላለፊያ) ወይም ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም ይግቡ። ፋየርዎሉን ከሩቅ ሲቀይሩ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የቀድሞውን ሕግ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድመው ያቅዱ፤ ራስዎን ቢዘጉ እስከ አዲስ አበባ መንገድ አይገቡም። መግባትዎን ሲያረጋግጡ ዕቅዱን ይሰርዙ። ሁሉም ሲያልቅ ሰርቨሩን ከውጭ፣ ከሌላ መስመር ሆነው ኤንማፕ በተባለው የፖርት መቃኛ ይቃኙት፤ ከውስጥ የሚታየው ዝርዝር ፋየርዎሉ ምን እንደሚያሳልፍ አይነግርም።

ሰው ገብቶ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ገሃድ ምልክቶች አሉ። ማንም በማይሠራበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ሲሠራ፣ የማያውቁት የተጠቃሚ ስም ሲታይ፣ የተጠቃሚ መለያ ቁጥሩ 0 የሆነ ከሩት ሌላ ሰው ሲኖር፣ በየጊዜው ሥራ በሚያስጀምረው ክሮን ውስጥ ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርድ መስመር ሲገኝ፣ በተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል ውስጥ ባለቤት የሌለው ቁልፍ ሲጨመር። ክሪፕቶ የሚያመርቱት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ይያዛሉ።

ሌላው ትንሽ የማይጣጣም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ክሊፎርድ ስቶል የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ በ75 ሳንቲም አለመመጣጠኑን አይቶ ምክንያቱን ሲከታተል፣ ከጀርመን እየገባ ለሶቪየት የስለላ ድርጅት መረጃ የሚሸጥ ሰው ላይ ደረሰ። 75 ሳንቲሟን ችላ ቢላት ሰውየው ይቀጥል ነበር። ስለዚህ መዝገብ የሚያነብ የታወቀ ሰው ይኑር። ሰርጎ ገብ ዱካውን እንዳያጠፋም መዝገቡ በየጊዜው ወደ ሌላ ማሽን ይላክ፤ ኤይድ የተባለው ፕሮግራምም የሥርዓት ፋይሎች ሲለወጡ ይናገራል።

መዝገብ ሲያነቡ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በሀገራችን አቆጣጠር ለማግኘት 3 ይቀንሱ። መዝገቡ 06:00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ ገብቶ ሊሆን ይችላል። 00:00 ካለ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን ገባ? መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካረጀ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ይትከሉ፣ ባትሪውንም ይቀይሩ። በዓል ሲደርስም፣ በተለይ ገናና ጥምቀት በሚከታተሉበት ሰሞን፣ ቢሮው ቢዘጋም መዝገቡን በቀን አንድ ጊዜ የሚያይ ተረኛ ይመደብ።

ገብቶብናል። አሁን ምን እናድርግ?

የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፤ ማሽኑን ግን ወዲያው አያጥፉት። በሜሞሪ ውስጥ ያለው ማስረጃ መብራት ሲቋረጥ ይጠፋል። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች፣ የተከፈቱትን ግንኙነቶችና የገቡትን ሰዎች ዝርዝር ወደ ውጭ ዲስክ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም አገልግሎት ሰጪ ከሆናችሁ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል።

ሩት የተያዘበትን ማሽን አጽድቶ መመለስ አይቻልም ብለው ይነሡ። ሰርጎ ገቡ ትእዛዞቹን ራሳቸውን ለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ የእሱን ፕሮግራም እንዲዘል ከተደረገ የሚያዩት ሁሉ ሐሰት ነው። ከንጹሕ ምንጭ እንደገና ይጫኑ፣ መረጃውን ብቻ ከመሰበሩ በፊት ከተወሰደ ቅጂ ይመልሱ፣ በዚያ ማሽን ያለፈን የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሁሉ ይለውጡ። በየት እንደገባ ሳይታወቅ ሰርቨሩን መልሶ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት በዚያው መንገድ እንዲመለስ መጋበዝ ነው። አለቃ «ዛሬ ይሠራ» ቢልም፣ የገባበት መንገድ ሳይዘጋ እንደማይከፈት በትሕትናና በጽሑፍ ያስረዱ።

የምናምነው ሶፍትዌር ራሱ የተመረዘ ከሆነስ?

ይህ ሆኗል። በማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤስኤስኤች መግባት በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ አስገርሞት ሲመረምር፣ በኤክስዜድ የመጭመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ እምነት ያተረፈ ተባባሪ ነበር። ግማሽ ሰከንዷ እንደ ስቶል 75 ሳንቲም ናት፤ ችላ ያላለ ሰው በመኖሩ ነገሩ ተያዘ።

የተመረዙት እትሞች የደረሱት በአብዛኛው ለሙከራና በፍጥነት ለሚታደሱ ሥርጭቶች ነበር፤ የዴቢያንና የኡቡንቱ የተረጋጉ እትሞች አልተነኩም። ስለዚህ ለሥራ ሰርቨር የተረጋጋ እትም ይምረጡ፣ ሶፍትዌርም ከሥርጭቱ ማከማቻ ብቻ ይውሰዱ። በቴሌግራም ቻናል የተገኘ «የተከፈተ» ፕሮግራም ወይም ከማይታወቅ ድረ ገጽ በሩት የሚሠራ የመጫኛ ትእዛዝ ሰርቨር ላይ አይግባ። ከዚያም አልፎ የተመረዘ ነገር ቢመጣ፣ ኤስኤስኤች ለዓለም ሁሉ ሳይሆን በዋየርጋርድ ለሚገቡት ብቻ ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ የኋላ በሩን የሚያንኳኳ አይደርስም።

የሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍት መሆኑን አየሁ። ገብቼ አረጋግጬ ብነግራቸውስ?

አይግቡ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በራሱ ወንጀል ያደርጋል፤ ምንም አለመስረቅዎ ወይም ልብዎ ቀና መሆኑ አያድንም። በአጋጣሚ ያዩትን ብቻ፣ ያለ ተጨማሪ ሙከራ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ያሳውቁ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉት።

ለልምምድ ከሆነ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይክፈቱ፤ አንዱን ያጥቁ፣ አንዱን ይጠብቁ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌላ ተቋም ተማሪ የተቋሙን ኔትወርክ መለማመጃ ማድረግ የለበትም። ሰርቨሩን እንዲፈትሹለት የሚጠይቅ ድርጅት ካለ ፈቃዱ በጽሑፍና በማኅተም ይሁን፤ የትኞቹ ማሽኖች፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈተሹ ይዘርዝር። ሰርቨሩ በኪራይ የተያዘ ከሆነ አከራዩም አስቀድሞ ይወቀው።